«ቅማላችን ከገደቡ በታች ነው፤ ታዲያ ሞዴሉ ለምን ቀይ አበራብን?»

ጥያቄው፦ «በኖርዌይ ምዕራብ ዳርቻ በሳልመን እርባታ ላይ እሠራለሁ፤ ጎን ለጎን ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። በየሳምንቱ ዓሣው ላይ የሚጣበቀውን የባሕር ቅማል እንቆጥራለን። ቁጥራችን ሁሌም በአንድ ዓሣ ከ0.5 በታች ነው። ሆኖም ቀጠናችን ‹ቀይ› ተብሎ ምርት በ6 በመቶ ቀንሱ ተባልን። ምክንያቱን ስጠይቅ ‹የባሕር ሞዴሉ ነው ያለው› አሉኝ። ኮምፒውተር ባሕር ሳይገባ እንዴት ይፈርድብናል? ደግሞስ ሞዴሉ ይህን ያህል አዋቂ ከሆነ የኮድ ዓሣ ኮታ ለምን እንዲህ አሽቆለቆለ? ዓሣው የት እንዳለ አያይም እንዴ? ይሄ ነገር ለጣናስ ይሠራል? የመመረቂያ ሥራዬን በዚህ ላይ ለማድረግ እያሰብኩ ስለሆነ ቢያብራሩልኝ።»

ጥያቄዎችህ ብዙ ቢመስሉም የሚነሱት ከሁለት ስህተት ነው። የመጀመሪያው ይኸው፦ የባሕር ሞዴል ዓሣ አይቆጥርም። ቅማልም አይቆጥርም። የሚያሰላው ውሃን ብቻ ነው፤ ወዴት እንደሚሄድ፣ በምን ፍጥነት፣ ምን ያህል እንደሚሞቅ፣ ምን ያህል ጨው እንዳለው። ከዚያ በኋላ ስለ ዓሣና ስለ ቅማል የምትሰማው ሁሉ በውሃው ላይ የተጫነ ሌላ ስሌት ነው። እነዚህን ሁለቱን ከለያየሃቸው ግማሹ ግራ መጋባት እዚያው ያበቃል።

ሁለተኛው ስህተት ይበልጥ ያናድዳል፤ ምክንያቱም አለቆችህ ሊያስረዱህ ይገባ ነበር። ቀዩ መብራት የበራው ስለ አንተ ዓሣ አይደለም። በዱር ስላለው ሳልመን ነው። ኖርዌይ ከ2017 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የባሕር ዳርቻዋን በ13 የምርት ቀጠና ከፍላለች። ለእያንዳንዱ ቀጠና የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ ከወንዝ ወደ ባሕር ከሚወርደው ወጣት የዱር ሳልመን ውስጥ ስንቱን ከእርባታ የመጣ ቅማል ይገድለዋል? ከ10 በመቶ በታች ከሆነ አረንጓዴ ነው። ከ10 እስከ 30 ከሆነ ቢጫ፣ ከ30 በላይ ከሆነ ቀይ። ውሳኔው በየሁለት ዓመቱ ይሰጣል። አረንጓዴ 6 በመቶ መጨመር ያስችላል፤ ቢጫ ባለህበት ያቆምሃል፤ ቀይ 6 በመቶ ያስቀንሳል። እንግዲህ «የእኛ ቁጥር ጥሩ ነው» የሚለው መልስ ላልተጠየቀ ጥያቄ የተሰጠ ነው።

ቁጥሩን ራሱን እንየው። ሰኞ ጠዋት መረብ ጨምረህ ጥቂት ዓሣ ታወጣለህ፤ ማደንዘዣ ባለበት ገንዳ ውስጥ ታስተኛቸዋለህ፤ ጎናቸውን እያገላበጥክ ትቆጥራለህ። ሁለት ረጃጅም የእንቁላል ክር የሚጎትቱትን ሴቶቹን ለብቻ ትመዘግባለህ። አማካዩ 0.2 መጣ እንበል። ደስ ይላል። አሁን ይህን በኬጁ፣ ማለትም ዓሣው በሚረባበት የመረብ ቤት፣ ውስጥ ባለው ዓሣ አባዛው። ሕጉ በአንድ ኬጅ እስከ 200,000 ዓሣ ይፈቅዳል። 0.2 ሲባዛ በ200,000 ማለት 40,000 ሴት ቅማል ነው። አሥር ኬጅ ካላችሁ 400,000። እያንዳንዷ በአንድ ዙር በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ትይዛለች፤ 300 ብለን ብንይዝ 120 ሚሊዮን እጭ (ገና የተፈለፈለ ቅማል) ወደ ፊዮርዱ፣ ወደ የብስ ዘልቆ ወደገባው ጠባብ የባሕር ክንድ፣ ይገባል። ይህ አንድ እርባታ ብቻ ነው፤ ጎረቤቶቻችሁም አሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? ቅማሉ ሲካፈል ለእናንተ ዓሣ ጌጥ ነው። ፊዮርዱ ግን ሃምሳውንም ሎሚ ብቻውን ይሸከማል። በነገራችን ላይ 0.5 ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ገደብ አይደለም። በጸደይ፣ ወጣቱ ሳልመን ከወንዝ በሚወርድባቸው ሳምንታት፣ ወደ 0.2 ይወርዳል። ምክንያቱም ይኸው ነው።

ሞዴሉ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። እነዚያ ሚሊዮኖች ወዴት ሄዱ?

ባሕሩን እንደ ዳማ ሰሌዳ አስበው። ኖርኪስት 800 የሚባለው የኖርዌይ ዳርቻ ሞዴል ስሙን ያገኘው ከሰሌዳው ነው፤ የአንዱ ካሬ ጎን 800 ሜትር ነው። ሰሌዳው አንድ ብቻ አይደለም፤ ከውሃው ገጽ እስከ ወለሉ ድረስ ብዙ ሰሌዳ ተደራርቧል። በእያንዳንዱ ካሬ ውስጥ ሙቀት፣ ጨውና የፍሰት አቅጣጫ አለ። ከላይ ነፋሱና ፀሐዩ ይገባሉ። ከጎን ወንዞቹ። ከውጭ ደግሞ የትልቁ ባሕር ፍሰትና በቀን ሁለት ጊዜ የሚመላለሰው የባሕር ሙላትና ጉድለት። ኮምፒውተሩ የፊዚክስ ሕጉን ይዞ፣ ይህ ካሬ ለጎረቤቱ ምን ያህል ውሃ እንደሰጠ በየደቂቃው ያሰላል። በሥሩ ያለው ሒሳብ የአየር ትንበያ ከሚሠራበት ሒሳብ ጋር ወንድማማች ነው።

በዚህ ውሃ ላይ እጮቹ ይለቀቃሉ። ስንት እንደሚለቀቁ የሚወስነው ማን ነው? አንተ ነህ! በየሳምንቱ የምትልከው የቅማል ቁጥር፣ በኬጁ ያለው የዓሣ ብዛትና የውሃው ሙቀት ተጣምረው ነው የእጩ መጠን የሚወጣው። ስለዚህ «ኮምፒውተር ባሕር ሳይገባ» የሚለው አያስኬድም። ባሕር የገባኸው አንተ ነህ፤ ኮምፒውተሩ ያንተን ደብተር ነው ያነበበው።

የቅማል እጭ ወዲያው አይነክስም። መጀመሪያ ከእንቁላሉ የተረፈችውን ስንቅ እየበላ ይንሳፈፋል። ውሃው 10 ዲግሪ ከሆነ ዓሣ ላይ ለመጣበቅ የሚበቃው ከ4 ወይም 5 ቀን በኋላ ነው። ውሃው ሲቀዘቅዝ ይዘገያል። በእነዚህ ቀናት ፍሰቱ በአሥር ኪሎ ሜትሮች ርቀት ሊወስደው ይችላል። ስለዚህ የናንተ እጭ የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ በአጠገባችሁ ያለውን ዓሣ አይደለም፤ ሌላ ወንዝ አፍ ላይ ያለውን ነው። እናንተን የሚያለፋችሁን ቅማልም ማን እንደላከላችሁ ከዚህ ትረዳለህ።

እጩ ፍሰቱን ተቃውሞ መዋኘት አይችልም። ወደ ላይና ወደ ታች መንቀሳቀስ ግን ይችላል፤ ዕጣ ፈንታው ያለውም እዚያ ላይ ነው። ብርሃን ስለሚወድ ወደ ላይ ይወጣል። ጨው የሌለው ውሃ ስለሚጠላ ከእሱ ይሸሻል። በጸደይ በረዶው ሲቀልጥ ፊዮርዱ ገጽ ላይ ስስ የጣፋጭ (ጨው የሌለው) ውሃ ንብርብር ይተኛል፤ ይህ ንብርብር ወደ ውጭ ይፈስሳል። ከሥሩ ያለው ጨዋማ ውሃ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ውስጥ ነው የሚሄደው። እጩ ሁለት ሜትር ላይ ሆነ ስምንት ሜትር ላይ፣ በአንዱ ወደ ባሕር ይወጣል፣ በሌላው ተመልሶ ወደ ፊዮርዱ ጓዳ ይገባል። ወጣቱ ሳልመን በዚያ የጣፋጭ ውሃ ውስጥ ተከልሎ ካለፈ ይተርፋል። ክብደቱ 20 ግራም ገደማ ነው። በስሌቱ፣ ከአንድ ግራም ክብደት ላይ ከ0.3 በላይ ቅማል ከተጣበቀበት እንደሚሞት ይቆጠራል። ለ20 ግራም ዓሣ ይህ ከስድስት ቅማል በላይ ማለት ነው። እናንተ ጋ ያለው አምስት ኪሎ ሳልመን ስድስት ቅማል ቢሸከም ላያስታውቅበት ይችላል። ለዚህ ሕፃን ግን የሞት ፍርድ ነው።

አሁን የሞዴሉን ድክመት ልንገርህ፤ እኔ በእሱ እንጀራ የምበላ ሰው ስለሆንኩ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።

አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ፊዮርድ በ800 ሜትር ሰሌዳ ላይ ሁለት ካሬ ነው። በሁለት ካሬ ውስጥ አዙሪት አይሠራም፤ በአንዱ ዳር ወደ ውስጥ፣ በሌላው ዳር ወደ ውጭ የሚሄደውን ፍሰት ሞዴሉ በግምት ያልፈዋል። ለዚህም ነው ለፊዮርዶቹ 160 ሜትር ካሬ ያለው ጠበብ ያለ ሞዴል የተሠራው። የጨው ጉዳይ ደግሞ ከወንዙ ይጀምራል። አንድ ጊዜ እኔው ራሴ የወንዝ ፋይል ስጭን የዚያን ዓመቱን ትቼ የብዙ ዓመት አማካይ ጫንኩ። ሞዴሉ ምንም አልጮኸም፤ ውብ ካርታ አወጣልኝ። ካርታው ላይ ቅማሉ ሁሉ ገጽ ላይ ነው። ለሦስት ቀን «ምን ዓይነት ግኝት ነው!» እያልኩ ስዞር ከረምኩ። በኋላ አንድ የመስክ ባልደረባዬ በገመድ የሚወርድ የጨው መለኪያውን ንባብ አመጣና አሳየኝ፤ ላይኛው ሦስት ሜትር ሊጠጣ የሚችል ውሃ ነበር። ቀሽም ስህተት ነው፤ ግን የሚያስተምር ነው። የተሳሳተ ሞዴል ቀይ መብራት አያበራም። ልክ እንደ ትክክለኛው ያምራል።

ሌላው፣ ሞዴሉ የዛሬን አዙሪት በትክክለኛ ቦታው ላያስቀምጠው ይችላል። አዙሪቱ መኖሩን ያውቃል፣ መጠኑንም ያውቃል፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ወዲያ ሊያደርገው ግን ይችላል። ስለዚህ «ማክሰኞ ዕለት ቅማሉ እዚህ ነጥብ ላይ ነበር» ካለህ ብዙም አትመነው። «በዚህ ጸደይ ውስጥ ይህኛው የፊዮርድ ክፍል ከዚያኛው ይልቅ ብዙ ቅማል ነበረበት» ካለህ ግን በቁም ነገር ውሰደው። ስህተቶቹ ዕለት ዕለት ወዲያና ወዲህ ቢሉም የወቅቱ ድምር ላይ በከፊል ይጠፋፋሉ። የማይጠፋፉም አሉ። ወጣቱ ሳልመን ከወንዙ የወጣበት ሳምንትና የሄደበት መንገድ በግምት የገቡ ናቸው። ጉዞውን በአንድ ሳምንት ብታዘገየው የሞቱ መቶኛ በደንብ ሊቀየር ይችላል። ክርክር ካላችሁ የሚያዋጣችሁ እዚህ ላይ ነው።

ለዚህ ሲባል ነው ሞዴሉ ብቻውን የማይፈርደው። በርገን ካለው የባሕር ምርምር ተቋም ሌላ፣ የእንስሳት ሕክምና ተቋሙና ሲንቴፍ የተባለው የምርምር ድርጅት የየራሳቸውን ስሌት ያቀርባሉ። ከዚያ ሰው ባሕር ይገባል። ትናንሽ ኬጆች ውስጥ ቅማል ያልነካው ወጣት ሳልመን ተደርጎ በፊዮርዱ የተለያየ ቦታ ይሰቀላል፤ ከሳምንታት በኋላ ስንት ቅማል እንደያዘ ይቆጠራል። በመጎተቻ መረብ ከወንዝ የሚወርደው ይያዛል። የባሕር ትራውትም ይመረመራል። የባለሙያ ቡድን ሁሉንም ደምሮ ግምት ይሰጣል፤ ቀለሙን በመጨረሻ የሚቀባው ሚኒስቴሩ ነው። ሚኒስቴሩ ደግሞ ፖለቲካ ነው። በ2017 ሳይንሱ 3ኛውን ቀጠና ቀይ ቢለውም ሥርዓቱ አዲስ ነው ተብሎ ቅነሳ አልታዘዘም። የመጀመሪያው ቅነሳ የመጣው በ2020 በ4ኛውና በ5ኛው ቀጠና ላይ ነው። በ4ኛው ያሉ እርባታዎች ተሰባስበው መንግሥትን ከሰሱ። የክርክራቸው ልብ ካንተ ጥያቄ ብዙም አይርቅም፤ «ይህ ሞዴል እርግጠኛ አይደለም» ነው። በ2021 ፍርድ ቤቱ ለመንግሥት ፈረደ። እኔ በበኩሌ አልገረመኝም። እርግጠኛ አለመሆን ሁሌም ለእርባታው ያደላል ያለው ማነው? የሞቱ መጠን ከተገመተው በታች ሊሆን እንደሚችል ሁሉ በላይም ሊሆን ይችላል።

ወደ ኮድ እንሂድ። እዚህ ላይ በአጭሩ፦ የኮድ ኮታ ከባሕር ሞዴል አይወጣም። ከሌላ ዓይነት ሞዴል ነው የሚወጣው፤ እሱም ሰው እንደሚቆጠር ሁሉ ዓሣ ለመቁጠር የሚጥር የክምችት ስሌት ነው። ግብዓቱ የጀልባዎች የማስገር ሪፖርት፣ በባረንትስ ባሕር በየዓመቱ የሚደረግ የመረብ ዳሰሳና የዓሣው የጆሮ ድንጋይ ነው። ያች ድንጋይ ተቆርጣ በአጉሊ መነጽር ስትታይ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት አላት፤ ቀለበቷን ቆጥረህ ዕድሜውን ታውቃለህ። ከዚያ የስንት ዓመት ዓሣ ስንት እንደቀረ ይሰላል። ኮታው በ2013 አንድ ሚሊዮን ቶን ነበር። ለ2025 ወደ 340,000 ቶን ወረደ፤ በወቅቱ ከ1991 ወዲህ ዝቅተኛው ነበር። ምክንያቱ ዓሣው የት እንዳለ አለመታወቁ አይደለም። ለተከታታይ ዓመታት ወጣት ዓሣ በቂ ሆኖ አልተተካም።

«ታዲያ ለምን አልተተካም?» ብለህ ከጠየቅክ፣ ያኔ የባሕር ሞዴል መናገር ይጀምራል፤ ግን በጥንቃቄ። ኮድ በመጋቢትና በሚያዝያ በሰሜን ኖርዌይ በሎፎተን ደሴቶች አካባቢ እንቁላሉን ይጥላል። እንቁላሉ ወለል ላይ እንደማይቀመጥ፣ እንደሚንሳፈፍ ያየው የኖርዌዩ ተመራማሪ ጊዮርግ ኦሲያን ሳርስ ነው፤ በ1860ዎቹ። ከተንሳፈፈ ይጓዛል። ከዳርቻው ፍሰት ጋር ወደ ሰሜን፣ ወደ ባረንትስ ባሕር። ሌላው የኖርዌይ ተመራማሪ ዮሐን ዮርት ደግሞ በ1914 የዓሣ ብዛት ከዓመት ዓመት የሚዋዥቀው በዋናነት በሕፃንነቱ በሚደርስበት ነገር ነው አለ። እኛ ዛሬ በኮምፒውተር የምንሞክረው የእሱን ጥያቄ ነው። እንቁላሉን በሞዴሉ ላይ ለቅቀን የት እንደደረሰ ማየት እንችላለን። ሲደርስ ምግብ አገኘ ወይ፣ ስንቱ ተበላ፣ ስንቱ ተረፈ የሚለውን ግን ውሃው አይነግርህም። «ሙቀቱ እንዲህ ከሆነ ዓሣው እንዲህ ይበዛል» የሚሉ ውብ ግራፎች በየጊዜው ይወጣሉ። አብዛኞቹ ጥቂት ዓመት ሲጨመርባቸው ይፈርሳሉ። በእነዚህ ላይ ኮታ አይሠራም።

ሞዴሉ እውነተኛ ጥቅም የሰጠው በዕቅድ ላይ ነው። ኖርዌይ በ2006 ለሎፎተንና ለባረንትስ ባሕር የተቀናጀ የአስተዳደር ዕቅድ ስታወጣ አንዱ ጥያቄ ነዳጅ የት ይፈለግ፣ የት አይፈለግ የሚል ነበር። እዚህ ነጥብ ላይ ዘይት ቢፈስስ፣ በዚያ ሳምንት እንቁላሉና እጩ የት ነው? ሁለቱም በአንድ ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ናቸው። ሞዴሉ ለዚህ የተፈጠረ ያህል ይመቻል። በሎፎተን፣ በቬስቴሮለንና በሴንያ ፊት ያለው ባሕር ለነዳጅ ሳይከፈት ቆይቷል። ይህ የሆነው በሞዴል ብቻ ነው ብዬ አልዋሽህም፤ የአስጋሪዎችም ድምፅ ነበረበት፣ የፓርቲዎችም ድርድር። ነገር ግን አህጉራዊው መደርደሪያ፣ ማለትም ከየብሱ ተያይዞ ያለው ጥልቀቱ ያነሰ የባሕር ወለል፣ እዚያ ላይ ጠባብ መሆኑንና የኮድ እጭ በዚያ ጉሮሮ እንደሚያልፍ ካርታው ለሁሉም አሳየ።

ቆጠራውን የሚሠራው ሞዴል ሲሳሳት ምን እንደሚመጣ ለማየት ካናዳን ማስታወስ ይበቃል። በኒውፋውንድላንድ የኮድ ክምችቱ ሲገመት ከትላልቅ መጎተቻ ጀልባዎች የሚመጣው የማስገር መጠን ትልቅ ክብደት ነበረው። ዓሣው እያለቀ ሲሄድ የቀረው ተሰብስቦ ይጠጋጋ ነበር፤ ጀልባዎቹም መሣሪያቸው እየረቀቀ ስለሄደ የተጠጋጋውን ያገኙታል። መረቡ ሞልቶ ይወጣል፤ ሞዴሉም «ዓሣ አለ» ይላል። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ማለት ይህ ነው። በትናንሽ ጀልባ ዳር ዳሩን የሚያሰግሩት ሰዎች ዓሣው እያነሰ ነው ቢሉም ሰሚ አላገኙም። ሐምሌ 1992 ማስገር ተዘጋ፤ 30,000 ያህል ሰው ሥራ አጣ።

ጣናን በተመለከተ መልሴ አዎም አይደለምም ነው። ሒሳቡ ሐይቅ ነው ባሕር ነው ብሎ አይለይም። ጣና ሰፊ ግን ጥልቀት የሌለው ነው፤ በጣም ጥልቅ የሆነው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለውን ውሃ በዋናነት የሚያንቀሳቅሰው ነፋስ ነው። ስለዚህ በ2011 የታየው እምቦጭ ነፋሱ ሲዞር ወዴት እንደሚገፋ፣ ከወንዞቹ የሚመጣው ደለል የት እንደሚያርፍ ለማሳየት ጥሩ ሞዴል መሥራት ይቻላል። የሚያስቸግረው ኮምፒውተሩ ሳይሆን መለኪያው ነው። በሐይቁ መሐል ላይ የተተከለ የነፋስ መለኪያ ከሌለህ፣ ባሕር ዳር ላይ የተለካውን ነፋስ ጎርጎራ ላይ ትነፍሳለህ። ውጤቱም እንደዚያው ይሆናል።

ለዓሣው ግን ሞዴል አትጠብቅ። የጣና ነጭ ዓሣ አብዛኛው ዝርያ ሌላ አገር የሌለ ነው። በክረምት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ መገጭ ወንዞች ወጥቶ ይራባል። በዚያ ሰሞን በወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው ለመራባት የሚሄደውን እናት ከነእንቁላሏ ይይዛል። ይህን ለማወቅ ሱፐር ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ ታንኳ ላይ ያደገ ማንም ሰው ይነግርሃል። እዚያ የጎደለው የወንዙን አፍ በእነዚያ ሳምንታት የሚዘጋና የሚያስከብር ሰው ነው፤ ለአስጋሪውም በእነዚያ ሳምንታት የሚበላው። መልሱ በታወቀ ጉዳይ ላይ «መጀመሪያ ሞዴል እንሥራ» የሚል ፕሮጀክት ከመጣ፣ በትሕትና ጥያቄ አንሳበት።

እንግዲህ ምን አድርግ ነው የምልህ? በሥራ ቦታህ፣ ከሞዴሉ ጋር በአማካይ ቁጥር መከራከራችሁን ተዉ። አታሸንፉም። ይልቅ አለቃህን ሁለት ነገር ጠይቀው። አንደኛ፣ በአንድ ዓሣ ሳይሆን በጠቅላላው ስንት ሴት ቅማል አለን? ሁለተኛ፣ የእኛ እጭ የት ይደርሳል፣ ወደ እኛስ ከማን ይመጣል? መልሱ ብዙውን ጊዜ ወደ ጎረቤት ይወስዳችኋል። ከዚያ በፍሰት የተሳሰራችሁት እርባታዎች ኬጆቻችሁን ለተወሰነ ጊዜ በአንድ ላይ ባዶ ማድረግን ተነጋገሩ። ገበሬ መሬቱን ጦም እንደሚያሳድረው ማለት ነው። ልዩነቱ፣ እዚህ አንዱ ጦም ቢያሳድርና ጎረቤቱ ቢያርስ ፋይዳ የለውም፤ ቅማሉ በአራት ቀን ተመልሶ ይመጣል። አዲስ ኬጅ የት ይተከል የሚል ውይይት ሲመጣም ከሁሉ ቀድሞ መታየት ያለበት ካርታ ይህ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ካርታውን ይዛችሁ «ይኸው፣ ጥፋተኛው እሱ ነው» ብላችሁ አንድን ጎረቤት እንዳትከስሱ። ለቀጠና የሚበቃ ስሌት ለአንድ እርባታ ምስክር አይሆንም።

ለመመረቂያህ፣ አዲስ የባሕር ሞዴል ለመሥራት አትነሳ። በሁለት ዓመት አያልቅም፤ ዲግሪህንም ይበላዋል። የኖርኪስት የፍሰት መረጃ ከኖርዌይ ሜትዎሮሎጂ ተቋም በነፃ ይገኛል። እዚያው የተሠራ ኦፕንድሪፍት የሚባል በፓይተን የሚሠራ ፕሮግራም አለ፤ እሱም ነፃ ነው። ከአንድ ፊዮርድ አትውጣ፤ አንድ ጸደይ ምረጥ። እጩን ልቀቅ። በመጀመሪያ ገጽ ላይ ብቻ እንዲቆይ አድርገህ አስኬደው፤ ቀጥሎ ከጣፋጭ ውሃ እንዲሸሽ ፍቀድለት። ሁለቱ ካርታዎች ምን ያህል እንደሚለያዩ ለካ። ከዚያ የቅማል ቆጠራ የተደረገባቸው ትናንሽ ኬጆች ከየትኛው ካርታ ጋር እንደሚስማሙ አወዳድር። መምህርህ «ለምን ካሬውን አላጠበብክም?» ካለህ፣ ገንዘቡንና ጊዜውን ለጨው መለኪያ እንዳዋልከው ንገረው። በየሳምንቱ ቅማል ልትቆጥር ስትወጣ አንድ የጨው መለኪያ በገመድ አስረህ እስከ 10 ሜትር አውርድ፤ በየሜትሩም ጻፍ። አሥር ደቂቃ ነው የሚወስደው። በጸደዩ መጨረሻ በእጅህ የሚኖረው ሰንጠረዥ እኔ ያንን የተሳሳተ ካርታ ይዤ በዞርኩበት ሰሞን ያጣሁት ነው።